ሁለት ጣት ብራንዲ

ሲስተር ጡረታ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ስድስት ጠርሙስ ብራንዲ ገዝታ መጣችና የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ባሏ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ቀና ብሎ ጠርሙሶቹን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ።

«በል እንግዲህ» አለችው፣ «ያንን ነገር ሥራልኝ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለአርባ።»

«ሦስት ሳምንት ይበቃኛል» አለና ቢላውን አስቀመጠ። በዚያ ቤት አራት ዓመት ሙሉ ያልተነሣ ነገር እንዲህ በቀላሉ ተነሣ።

ሲስተር የምላት ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ሁለቱን የወንዶች ክፍል ኃላፊ ሆና ስትሠራ፣ በስሟ የሚጠራት ሰው ቀስ በቀስ ጠፋ። ባሏም ሲስተር ነው የሚላት። እሱ ደግሞ ባርማን ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ሰው ሲያጠጣ ኖረ። ሲያጠጣ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

የሆነውን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት በልጃቸው ሠርግ ላይ «የሙሽራዋ አባት ይናገሩ» ተባለ። ተነሣ። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ሙሽራውን ሰማይ ሰቀለው፤ እጁ ቀላል ነው አለ፣ ሲነቅል አያምም አለ፣ የእኔን መንጋጋ ያተረፈልኝ እሱ ነው አለ። እንዳይቀርም አፉን ከፍቶ መንጋጋውን ለፊተኛው ረድፍ አሳየ። ችግሩ ሙሽራው ጥርስ ሐኪም አልነበረም። ሙሽራው መሬት ቀያሽ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ልጅቷ ከዚያ በፊት የተወችው ሰውዬ ነበር። ቀያሹ ምስኪን፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ፤ ማን ያስቆመዋል?

በማግስቱ ባርማኑ ቤት ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋና «ከዛሬ ጀምሮ አልነካም» አለ። መሐላ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ያችው አንዲት ዐረፍተ ነገር። ከዚያ ወዲህ አልነካም። ሲስተር ግን በሩን ከፍታ በገባች ቁጥር፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ በፊት፣ ትንፋሹን ታሸት ነበር። አንድም ቀን ሳታሸት አልዋለችም።

«ያንን ነገር» የምትለው ባርማኑ በደህናው ጊዜ ለትልልቅ ግብዣ የሚያዘጋጀውን ነው። የደረቀ ኮክ፣ የደረቀ በለስና ዘቢብ በብራንዲ ይዘፈዝፋል። በግብዣው ቀን ብራንዲውን በብርቱካን ጭማቂ፣ በሎሚና በዝንጅብል ሽሮፕ ይቀላቅላል፣ በረዶ ይጨምራል፤ ሶዳው የመጨረሻ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ጋዙ ይሞታል። የክፍሏ ሰዎች ድሮ አንድ ጊዜ ቀምሰውት ነበርና፣ የጡረታዋ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለዚያ መጠጥ ነው። «ሲስተር፣ ባለቤትሽ ይሠራልናል አይደል?» ምን ትበል? ይሠራል አለች። አራት ዓመትም ትንሽ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች።

ባርማኑ አፈ ሰፊውን ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ከቁም ሳጥን ላይ አወረደ፣ ሁለቴ አጠበ፣ አደረቀ። ስድስቱንም ጠርሙስ ገለበጠ። አንዱን በከፈተ ቁጥር ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ፊቱን ዞር ያደርጋል። ከሲስተር ንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጋውዝ ለምኖ ከረጢት ሰፋ፤ ፍራፍሬውን ከጥቂት ቅርንፉድና ከአንድ ስንጥር ቀረፋ ጋር ከረጢቱ ውስጥ አሰረና በክር ወደ ታች ለቀቀው። ማሰሮውን ፍሪጁ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ግድግዳውን አስጠግቶ አስቀመጠ።

በነጋታው ማለዳ ሲስተር ቀጭን ፕላስተር ቆርጣ ማሰሮው ጀርባ ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ ልክ ብራንዲው የቆመበት ላይ ለጠፈች። መሰለል አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ፈሳሽ ስትለካ የኖረች ሰው ምልክት የሌለው ዕቃ ካየች ልቧ አያርፍም። እንዲህ ብላ ለራሷ ነገረች። ራሷም አላመነችም።

በክፍሏ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንዱ «የገባና የወጣ» ነው፦ በሽተኛው ምን ያህል ጠጣ፣ ምን ያህል ወጣው፣ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቀሪው የት ገባ? ሁለተኛው በጀማሪ ነርሶች ላይ የምትጮኸው ነው። «ወረቀቱን ተይውና በሽተኛውን እዪው!» ትላለች። «ቀሪው እግሩ ውስጥ ነው ያለው። ተጫኚው!» ያበጠውን እግር በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ ጉድጓድ ይቀራል፣ ጀማሪዋ ኩም ትላለች። ስንቷን እንዲህ አሳፍራለች መሰላችሁ!

የግብዣውን ፕሮግራም ራሷ ጻፈች። እንግዳ መቀበል፣ ምሳ፣ ስጦታ። አራተኛው ተራ ላይ «ንግግር፦» ብላ ጻፈችና ብዕሯ ቆመ። ቆይታ ቆይታ ጥያቄ ምልክት አደረገችበትና ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ባርማኑ ወተት ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ያችን ጥያቄ ምልክት ያያታል። አንድ ቀን ጠዋት፣ ወተቱን ይዞ እንደቆመ፣ «ንግግሩን እኔ ባደርገው?» አላት።

«እናያለን» አለችው።

ሆስፒታል ውስጥ «እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። «እሺ» ብሎ ወተቱን ቀዳ። ንግግሩን ግን እንዴት እንደሚፈልገው ሲስተር ታውቃለች፤ አራት ዓመት ሙሉ ልጁ ቤት በሄደ ቁጥር ቀያሹ ፊት አንገቱን እንደደፋ የሚቀመጥ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀጥ ያለ ነገር ተናግሮ መቀመጥ ይፈልጋል። እሷም ልትሰጠው ፈልጋለች። ልስጠው ስትል ደግሞ መንጋጋው ትዝ ይላታል።

ሲስተር ማክሰኞ ማክሰኞ ረጅም ፈረቃ አለባት፤ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትመለሰው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ተመልሳ ገባች፣ ትንፋሹን አሸተተች፣ ምንም የለም። ወደ ማሰሮው ሄደች። ከፕላስተሩ በታች ጎድሏል። ጣቷን አስደግፋ ለካች፦ ሁለት ጣት። በሌላኛው እጇ ለካች፦ ሁለት ጣት።

«ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችው።

«ምንም። ፍራፍሬውን ስነካካ።»

«እጅህ ብራንዲ ብራንዲ ይሸታል።»

«አዎ፣ ይሸታል» አለ፣ እጁን አይቶ።

ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ሁለት ነገር ነው የሚመጣው። ጠጥቻለሁ ካለ አራቱ ዓመት ገደል ገባ። አልጠጣሁም ካለ ደግሞ አታምነውም፤ ይሄኛው ይብሳል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና እሱ ናቸው። እሷ አልጠጣችም። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ስለዚህ ምን አደረገች? በማግስቱ ያንኑ ዓይነት አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ገዝታ፣ በነጋታው ማለዳ እሱ ሳይነሣ ገለበጠችውና ልክ እስከ ፕላስተሩ ደረሰ። ለምን? እንጃ! ልጅቷ መጥታ እንዳታይ፣ ቀያሹ እንዳያይ፣ እንግዳ ፊት ጎዶሎ ማሰሮ እንዳይቀርብ። ከሁሉም ይልቅ ግን፣ ያልጎደለ ማሰሮ ካየች ያልጠጣ ባል ያላት ስለሚመስላት ነው። እኔ አልፈርድባትም።

ያንን ጠርሙስ አንድ ቀን ሙሉ የሥራ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከጋዋኗ ሥር ይዛው ውላ ነበር። አንዷ ጀማሪ ነርስ እስክሪብቶ ልትወስድ ቦርሳውን ከፈተችና ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ መጥታ ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻትና «ሲስተር፣ ጡረታ ከባድ ነው አይደል? ብቻሽን አይደለሽም እሺ» አለቻት። ሲስተር ምን ማለቷ እንደሆነ የገባት አውቶቡስ ውስጥ ነው።

በሁለተኛውም ማክሰኞ ጎደለ። እንደገና ሁለት ጣት፣ እንደገና እሷ በሌለችበት ቀን። አይ ተንኮል! አርብ ደግሞ ቀደም ብላ ስትመጣ ከኩሽና ድምፅ ሰማች። የባሏ ድምፅ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። በሩን ስትከፍተው ዝም አለ። ፍሪጁ ፊት ቆሟል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማንም።»

«ከፍሪጁ ጋር ነው?»

«እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠኝ እሱ ነው» አለ።

ፍሪጁን እሷም ከፈተችው፣ የተደበቀ ነገር ካለ ብላ። ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተት። ታች ትልቅ ክዳን ያለው ድስት አለ፤ «ለእንግዳ፣ አይከፈት» የሚል ወረቀት በባሏ ጽሕፈት ተለጥፎበታል። ሲስተር ደግሞ የተለጠፈበትን ነገር አትዳፈርም፤ ሆስፒታል ያሳደጋት ሰው ናት። ዘጋችውና ሄደች።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ገዝታ ሌሊት፣ ልጅቷና ቀያሹ ድንገት መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ መብራት ሳታበራ ገለበጠችው። በነጋታው ብታይ ብራንዲው ከፕላስተሩ በላይ ወጥቷል። በላይ! ሁለት ጣት! መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አደረገች። በላይ ነው።

ውኃ ጨመረበት አለች። ጠጥቶ ጠጥቶ ጎዶሎውን ሲያይ ደንግጦ ውኃ ጨመረበት፤ ሲደነግጥ ደግሞ አበዛው። ማረጋገጥ ትወዳለችና ጥጥ አውጥታ ማሰሮው ውስጥ ነከረች፣ ሳህን ላይ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት። ጥጡ በሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። ውኃ አይደለም፣ ጥርት ያለ ብራንዲ ነው። ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ሰካራም አክማለች፤ ከጠጣው በላይ የሚመልስ ሰካራም ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ግራ ሲገባት ለታላቅ እህቷ ደወለች። እትዬ ይባላሉ፤ እትዬ አልኮል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፣ አለመዞሩንም ሳይናገሩ ውለው አያውቁም።

«አላልኩሽም?» አሉ እትዬ፣ ገና ሳትጨርስ። «ስድስት ጠርሙስ ገዝተሽ ከፊቱ አስቀመጥሽለት! ንግግሩን ደግሞ ለእሱ ስጪና አርባ ሰው ፊት ያዋርድሽ። ለእኔ ስጪኝ አቦ፣ እኔ እናገርልሻለሁ።»

ሲስተር ከግብዣው በፊት ባለው ቀን ብዕሯን አነሣች። ጥያቄ ምልክቱን ሰረዘችና «ንግግር፦ እትዬ» ብላ ጻፈች። ባርማኑ ወተት ሊያወጣ ሄደ። ወረቀቱን አየው።

«ጥሩ ነው» አለ። «እትዬ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል።»

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና የመሳቢያው ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር አስገባው። ሲስተር ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ባርማኑ ካሰበው እጥፍ ብርቱካን ገዝቶ መጣ። ከረጢቱን ከማሰሮው አውጥቶ ጨመቀ፣ ብራንዲውን አጣራ፣ በጆግ እየለካ ጻፈ። አይቀምስም፤ ያሸታል፣ ጠብታ በወረቀት ላይ ጣል አድርጎ ያያል፣ ከዚያ በጠዋት ሊያግዘው ለመጣው ቀያሽ ያቀብለዋል። «ቅመስ። ጉሮሮህን ፋቀህ?» «ትንሽ አባባ።» «ጭማቂ ጨምር።» እንዲህ እያሉ ስድስት ጆግ ያሰቡትን አሥራ ሁለት ጆግ አደረጉት። ሲስተር ከበሩ ላይ ሆና፣ ከቀዶ ጥገና የወጣ በሽተኛ እንደሚታይ ታየዋለች። ከዚያ ባርማኑ ያንን «አይከፈት» የተባለውን ድስት አወጣና ፍራፍሬውን ትልልቅ ሳህኖች ላይ ገለበጠ። ኮኩ የሕፃን ጡጫ አክሏል። ስቴኪኒ እየሰካ ደረደረው። ያን ጊዜ ሲስተርን እንግዳ ጠራት፤ ሄደች።

ግብዣው ሞቀ። ነርሶቹ፣ ሁለቱ ዶክተሮች፣ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ፣ ጠባቂው፣ ሁሉም ብርጭቆ ይዟል፤ ሁሉም «ወይ ጉድ፣ ይሄ ነገር!» ይላል። ትከሻዋን የዳበሰቻት ጀማሪ ነርስ ሲስተር ብርጭቆ ስታነሣ አይታ ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችና ውኃ አመጣችላት። ሲስተር ለማስረዳት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ምን ብዬ ልጀምር ብላ ተወችው።

እትዬ ሶፋው መሐል ተቀምጠዋል። ባርማኑ ትሪ ይዞ አጠገባቸው ሲያልፍ እጃቸውን አወዛወዙ። «ያንን አታምጣብኝ! ፍራፍሬውን ስጠኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ ፍራፍሬ እኮ...»

«ፍራፍሬ ነው አልኩህ!»

«ነው፤ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ...»

«አንተ ደግሞ ስለ መጠጥ ልትመክረኝ ነው?» አሉ እትዬ፣ ሰው እንዲሰማ ከፍ አድርገው። ሁለት ሰዎች ዞረው አዩት። ባርማኑ አንገቱን ደፋ፣ «እሺ» አለና ሳህኑን አስቀመጠላቸው። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ስጦታው ካለቀ በኋላ «አሁን የታላቅ እህት ንግግር» ተባለ። እትዬ ተነሡ፤ በሁለተኛው ሙከራ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«እኅቴ» አሉ። ሰው ጠበቀ። «እኅቴ ሰማያዊ ጫማ ወስዳብኛለች።»

ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። እትዬ ግን ያለቅሳሉ። «አዲስ ነበር! አንድ ቀን ነው ያደረግኩት! አርባ ዓመት ዝም አልኩ፣ ሰው ይታዘበኛል ብዬ! ነርስ ትሁን፣ ሐኪም ትሁን፣ ምን አገባኝ! ጫማዬን ትመልስ!» ከዚያ ወደ ዋናው ዶክተር ዞረው «አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አሉት፤ ጉንጩን መታ መታ አደረጉለት፣ ተቀመጡ፣ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«እትዬ እኮ አይጠጡም!» አለች ልጅቷ ደንግጣ። ሲስተር በሁለት እርምጃ ደረሰች። ደም ሥራቸውን ያዘች፦ ደህና። ዓይናቸውን ገለጥ አደረገች፦ ደህና። ጎንበስ ብላ ትንፋሻቸውን አሸተተች። እነሆ፣ አራት ዓመት በባሏ አፍ ላይ ስትፈልገው የኖረችው ሽታ ከእትዬ አፍ ወጣ።

ሳህኑን አየች። አሥራ አንድ ስቴኪኒ። አንድ ኮክ ቀርቷል። ሲስተር ኮኩን አነሣችና፣ ማንም ሳያዛት፣ እጇ ራሱ እንደለመደው፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጉድጓድ ቀረ። ከጉድጓዱ ብራንዲ ፈልቆ በእጅ አንጓዋ ላይ ወረደ።

ባሏ በረዶ ይዞ ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ዞረች።

«ከረጢቱን ስንት ጊዜ ቀየርከው?»

«በየሳምንቱ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፤ ሦስተኛውን ዛሬ ነው ያወጣሁት። ወለሉ ሲያጣብቅ ስለማትወጂ አንቺ የማትኖሪበትን ቀን ነው የመረጥኩት። የጠገበውን አወጣለሁ፣ ደረቁን አስገባለሁ።»

«አንዱ ከረጢት ምን ያህል ይጠጣል?»

«ሁለት ጣት» አለ ባርማኑ።

ሲስተር የእጅ አንጓዋን በቀሚሷ ጠረገች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም። ደግሞ ሲስተር ናት፣ ፈሳሽ የት እንደሚገባ ለእሷ አይነገርም ብዬ ነው።»

«ፕላስተሩንስ?»

«ማሰሮውን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ።» በረዶውን አስቀመጠ። «ለሦስት ጠርሙስ ነበር የቀመርኩት፤ ሦስቱን ፍራፍሬው ይጠጣዋል ብዬ። ዛሬ ስለካው ስድስት ነው። አንቺ ሁለት ጨምረሻል። ሦስተኛውን አላወቅኩትም።»

ቀያሹ ጠጋ አለ። «አባባ... እኔ ነኝ። በእርሳስ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ በጎን በኩል። ባለፈው ስንመጣ ጎድሎ ሳየው እማማ እንዳያዩት ብዬ...» አለና ጫማውን አየ።

«አውቀህ ለምን ዝም አልክ?» አለች ሲስተር ባሏን። ድምፅዋ ሥራ ቦታ የምትጠቀምበት ድምፅ አልነበረም።

«መጉደል ሲገባው ሞልቶ ሳገኘው ገባኝ። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ሰካራም ነው ብላለች አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ፣ ሰካራም ነው ብላም እንዳልዋረድ ሸፈነችኝ አልኩ። የትኛውን እንደምይዝ አላወቅኩም። ሁለቱንም ይዤ ዝም አልኩ።»

እንግዳው ሁሉ ይሰማል። ሲስተር ልታፍር ይገባት ነበር፤ አፍራለችም። ግን ፈረቃ ስታስረክብ ያጠፋችውን ሳትደብቅ የምትናገር ሴት ናት። ቀና አለች።

«የክፍሌ ሰዎች፣ ስሙኝ» አለች። «ባሌ ጠጥቷል ብዬ ጠረጠርኩት። አልጠጣም። የጠጣው ይሄ ነው።» ኮኩን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕላስተሩን ሳይ በሽተኛውን ሳላይ ቀረሁ። እናንተን ስንት ጊዜ እንደጮኽኩባችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ በእኔ ላይ ጩኹ።»

ማንም አልጮኸም። ጀማሪዋ ነርስ ግን እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ያ የቦርሳው ጠርሙስ አሁን ነው የገባት።

ሲስተር ኩሽና ገብታ ፕሮግራሙን ከፍሪጁ ላይ ገነጠለች፣ «እትዬ» የሚለውን ሰረዘች፣ «ባሌ» ብላ ጻፈችና አምጥታ ሰጠችው። ባርማኑ አነበበው። ደግሞ ሄዶ ከማንኪያዎቹ ሥር የታጠፈውን ወረቀት ፈልጎ መጣ። ዘረጋው፣ አየው፣ መልሶ አጠፈው።

«መጀመሪያ» አለ፣ «አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። የልጄ ባል መሬት ቀያሽ ነው። ጥርስ አይነቅልም። አራት ዓመት ዘገየሁ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ቀያሹ ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ባርማኑ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት በሽተኛ ስትጠብቅ ኖረች። አራቱን ዓመት ደግሞ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ እኔን ስትጠብቅ ኖረች። ትንፋሼን ስታሸቺ አውቅ ነበር። አልከፋኝም፤ ደክሞሽ ስትመጪ ግን ያሳዝነኝ ነበር። ሆስፒታሉ ዛሬ ለቆሻል። እኔም ለቅቄሻለሁ። ከሁለቱም ጡረታ ውጪ።»

ተቀመጠ። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ሲስተር፣ ሞት አይታ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት፣ በወንዶች ክፍል ሰዎች ሁሉ ፊት፣ በአንድ እጇ ኮክ እንደያዘች ተንሰቀሰቀች። ባሏ መሐረብ ሲያቀብላት ፊቱ ወደ ፊቷ ተጠጋ። አላሸተተችውም። ማሽተት እንዳለባት ትዝ ያላት መሐረቡን ተቀብላ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ያን ጊዜ እትዬ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጫማዬስ?» አሉ።

«ነገ እገዛልሻለሁ፣ እትዬ» አለች ሲስተር፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ተኚ።»